ቁናው ሲጠብ
ምዕራብ ወለጋ፣ ቢላ ላይ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



በቡና ለቀማ ወቅት ግማሽ ቀን ቆርሶ ንግግር መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ጀንፈሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሰማዩም ዛሬ ፊቱን አልፈታም። ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ይህ የአክስቴ ቁና ነው፤ አፉ ተበልቶ በጨርቅ ተጠግኗል፣ እህል ግን አሁንም ይሰፍራል። ይኸኛው ደግሞ የአባቴ የቁጠባ ደብተር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብተሩን ከሣጥን ሥር አስቀምጦ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። የመጨረሻው መስመር በ1984 የተጻፈ ሲሆን ቀሪ ሂሳብ 1,000 ብር ይላል። እናቴ ዛሬም ስታነሣው፣ «ያ ገንዘብ ያኔ ሁለት ጥሩ በሬ ይገዛ ነበር» ትላለች።

ስለ ሀብት በተናገርኩበት ሁሉ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ወርቅ ይሻላል ወይስ አክሲዮን? ቤት ይሻላል ወይስ ከብት? እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ በምን ሰፍራችሁት? ድሮ ገበያ ላይ ሲገዛ በትልቁ ቁና፣ ሲሸጥ በትንሹ የሚሰፍር ነጋዴ ነበር ይባላል። እህሉ ያው፣ ቁናው ግን ሌላ ነው። የዛሬ ንግግሬም ይኸው ነው፤ የሀብትን የ30ና የ50 ዓመት ጉዞ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከእህሉ በፊት ቁናውን ይመልከት።

እንግዲህ ከብሩ እንጀምር። የወረቀት ገንዘባችን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ገደማ ነበር። በ1965 ምንዛሪው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነና በዚያው ቆመ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ጦርነት ተካሄደ፣ ረሃብ ገባ፤ 2 ብር ከ7 ሳንቲሙ ግን አልተነቃነቀም። መንግሥት የተመነው ዋጋ እንጂ ገበያ ያወጣው አልነበረምና። በጓዳ ዶላር ከዚያ እጥፍ ድርብ ይሸጥ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። መስከረም 1985 ላይ በአንድ ጊዜ 5 ብር ተባለ። በ2010 መግቢያ 27 ብር ገደማ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በ2018 መግቢያ 150 ብር ገደማ ነበር።

የአባቴ 1,000 ብር በ1984 የመንግሥት ምንዛሪ 483 ዶላር ነበረች። ባንክ ተቀምጣ በአማካይ 6 በመቶ ወለድ፣ ወለድም ወለድ እየወለደ በየዓመቱ ተጨመረላት እንበል። በ33 ዓመት 6,840 ብር ትሆናለች። ደብተሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ገንዘቡ ወደ 7 እጥፍ አድጓል፤ ይህን የሚጠላ የለም። በዶላር ስትሰፍሩት ግን 46 ዶላር አይሞላም። በሬውን ተዉት፣ ዛሬ አንድ ደህና ሙክት አይገዛም። አባቴ አላባከነም፣ አልሰከረም፣ ቁማር አልተጫወተም። ጥፋቱ ቆጥቦ ቁናውን አለማየቱ ነው።

ልጆች፣ ደብተር ካላችሁ ይህችን ጻፉ። 72ን በዓመቱ የዋጋ ንረት ብታካፍሉ የገንዘባችሁ አቅም በስንት ዓመት እኩሌታ እንደሚሆን በግምት ታገኛላችሁ። ንረቱ 24 በመቶ ከሆነ በ3 ዓመት ማለት ነው። ሐምሌ 2000 ላይ የአገራችን የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2003 መጨረሻ 40 በመቶን ነክቷል። በ2014 ደግሞ እንደገና ወደ 37 በመቶ ደርሷል። ባንክ በቁጠባ ላይ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ በዚያ ዓመት 7 በመቶ ነበር። 30 በመቶ ንረት ባለበት ዓመት 100 ብር አስቀምጦ 107 የተቀበለ ሰው፣ 130 የሆነውን ዕቃ እያየ ነው የተቀበለው።

ታዲያ ወርቅስ? ወለጋ ውስጥ ቆሞ ስለ ወርቅ ማስተማር ለነጆ ሰው ወርቅ ማሳየት ነው። ቢሆንም ስሌቱን አብረን እንሥራው። በ1984 አንድ የፈረንጆች ወቄት ወርቅ፣ 31 ግራሙን ማለቴ ነው፣ በዓለም ገበያ 350 ዶላር ገደማ ነበር። በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ስናበዛው 725 ብር ይሆናል። በ2018 መስከረም መጨረሻ 4,000 ዶላር አለፈ፤ በ150 ብር ስናበዛው 600,000 ብር። ከ800 እጥፍ በላይ! ይህን የሰማ ሰው ነገ ጠዋት ቡናውን ሽጦ ወርቅ ቤት ቢሰለፍ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ቁናውን እንፈትሽ። ከ350 ወደ 4,000 ዶላር ከ11 እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ከ2 ብር ከ7 ወደ 150 ደግሞ 72 እጥፍ ነው። 11ን በ72 ስታበዙ 800 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ወርቁ ራሱ የሠራው 11ዱን ነው፤ 72ቱ ቁናው የጠበበበት ነው። ዶላርም ቢሆን ከቁናነት አላመለጠም። በነዚህ 33 ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ የወርቁ እውነተኛ ዕድገት ወደ 5 እጥፍ ይወርዳል። 5 እጥፍም ቀላል አይደለም። 800 ግን አይደለም።

ደግሞ መነሻ ዓመቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። በሌላ ዓመት ብጀምር ሌላ ታሪክ ትሰሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ወርቅ 850 ዶላር ወጥቶ ነበር። ያን ቀን የገዛ ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ዋጋው ወደ 250 ሲወርድ አየ። 850ን መልሶ ያየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። 28 ዓመት! ያን ቀን የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ወልዷል፤ ወርቁ ግን ጥጃ አልጣለም፣ ኪራይ አላመጣም፣ የትርፍ ድርሻ አልከፈለም። ረጅም መስመር የሚያሳያችሁ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ፣ «ለምን ከዚህ ዓመት ጀመርክ?» በሉት።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልግባ፤ ወደ ቡናው። «የቡና ዋጋ በታሪክ ከፍተኛው ደረሰ» የሚለውን ዜና በ2017 ሁላችሁም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቡና፣ ከ4 ዶላር በላይ ተሽጧል። በቁጥር ከሄድን እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ወጥቶ አያውቅም።

ወደ ኋላ እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ የቡና ተክሉን አነደደው። በ1977 ዋጋው ከ3 ዶላር አለፈ፤ በኛ አቆጣጠር 1969 መሆኑ ነው። የዚያን ዘመን 3 ዶላር ዛሬ በሚገዛው ነገር ብንሰፍረው ከ15 ዶላር በላይ ይሆናል። እንግዲህ የ2017ቱ «ታሪካዊ ከፍታ» ከ1969ኙ ሩብ ገደማ ነው ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ከዚያ ዋጋ ገበሬው እጅ የደረሰው ጥቂቱ ነው፤ ብዙውን ቀረጥና መካከለኛው ወሰደው።

በመካከሉ የሆነውን ታውቃላችሁ። ቡና አምራችና ገዢ አገሮች በኮታ ተስማምተው ዋጋውን ይደግፉ የነበረበት ውል እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። ቬትናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ትልልቅ አምራቾች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ በአገራችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ያኔ በረከተ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና 3 ዶላር ደረሰ፣ በ2019 ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ብራዚልና ቬትናም ላይ ድርቅ ሲመታ ሰማይ ወጣ። ከዚህ ሁሉ የማነበው ይህን ነው፤ የቡና ዋጋ ይዘላል፣ ይወድቃል፤ በ50 ዓመት መስመር ግን ከምንገዛው ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮና መድኃኒት ጋር እኩል አልሄደም። ስለዚህ ዋጋ የዘለለበት ዓመት የመዝሪያ ዓመት ነው። ያን ዓመት ቤት የጠገነ፣ ልጅ ያስተማረ፣ አሮጌ ቡና ጎንድሎ ያደሰ ሰው ነው የሚተርፈው። «ከእንግዲህ ዋጋው ይኸው ነው» ብሎ የተበደረ ግን ይጎዳል።

ስለ ዘርፎች ልንገራችሁ። ዘርፍ ማለት ኩባንያዎች በሥራቸው ዓይነት ሲመደቡ ነው፤ ባንክ፣ ትራንስፖርት፣ ማዕድን፣ ቴሌኮም እንደሚባለው። በየዘመኑ «ይህ አይወድቅም» የሚባል ዘርፍ አለ። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ የወለጋ ነጋዴ የማይወድቀው ንግድ የቱ እንደሆነ ቢጠየቅ ጋምቤላ ይል ነበር። ቡናው በበቅሎ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ወኪል ከፍቶ ነበር። ኋላ ግን የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ገባ፤ ሱዳንም ነጻ ወጥታ የእንግሊዞቹ የወንዝ ጣቢያ ተዘጋ። ቡናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። የበቅሎ ባለቤቱ ሰነፍ አልነበረም፤ ዘመኑ ከሥሩ ተነሣ እንጂ።

በአሜሪካም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ጠቅላላ ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የባቡር ኩባንያ ነበር። ዛሬ የባቡር ድርሻ ኢምንት ነው። ባቡሩ አልቆመም፤ አሁንም ጭነት ይጎትታል፣ የገንዘቡ ጉጉት ነው ወደ ሌላ የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1980 ነዳጅ ነክ ኩባንያዎች ከትልልቆቹ 500 ኩባንያዎች ዋጋ ከሩብ በላይ ይዘው ነበር፤ በ2020 ድርሻቸው ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዷል። ዛሬ የኮምፒዩተርና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ናቸው ሰገነቱ ላይ። የጃፓን ገበያ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1989 ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓለም ሁሉ ጃፓንን ሊማር ቶኪዮ ይሄድ ነበር። ያን ጫፍ መልሶ ያየው በየካቲት 2024 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ አክሲዮን መጥፎ ነው ልል ነው? አይደለም። ኤልሮይ ዲምሰን፣ ፖል ማርሽና ማይክ ስታውንተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ ያለውን የብዙ አገሮች መዝገብ ሰብስበዋል። የዓለም አክሲዮኖች በጥቅሉ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 5 በመቶ ገደማ አስገኝተዋል፤ የመንግሥት ቦንድ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በ72 ስሌታችን 5 በመቶ ማለት በ14 ዓመት እጥፍ ነው፤ ያውም በጠበበ ቁና ሳይሆን በሙሉ ቁና። ምክንያቱም ኩባንያ ማለት የሚሠራ ሰውና የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዋጋ ሲንር እሱም የሚሸጠውን ያስወድዳል፤ ደብተር ላይ የተቀመጠ 1,000 ብር ግን ይህን አይችልም።

ግን ያ መዝገብ ሁለት ባዶ ገጾች አሉት። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ቻይና በ1949፤ አክሲዮን የያዘ ሁሉ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ቀረ። ሦስተኛውን ባዶ ገጽ እኛው እናውቀዋለን።

በኢትዮጵያ አክሲዮን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ሲከፈት አክሲዮኑ አዲስ አበባም ፓሪስም ለንደንም ተሽጧል። በ1950ዎቹ ደግሞ በመንግሥት ባንክ፣ ኋላም በብሔራዊ ባንክ ሥር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የአክሲዮን መገበያያ ነበረ። ከዚያ 1967 መጣ። ታህሳስ 23 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ጥር ላይ ፋብሪካዎች ተከተሉ። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። በ7 ወር ውስጥ የአገሪቱ ሀብት ሁሉ ስሙን ቀየረ። ለጭሰኛው የካቲት 25 የነጻነት ቀን ነው፤ እዚህ ካላችሁት አባቶች ብዙዎቻችሁ መሬት ያገኛችሁት ያን ቀን ነውና ይህን አልክድም። እኔ የማወራው ስለ መስመሩ ነው። መስመሩ ሲወጣ ሲወጣ ቆይቶ አንድ አዋጅ ላይ ያበቃል።

ያኔ ለባለ ሀብቱ ምን ተረፈው? የሚኖርባት አንዲት ቤቱ ተረፈች። ከብቱ ተረፈ። የእናቶቻችን የአንገት ማርያ ቴሬዛ ተረፈች፤ 23 ግራም የተጣራ ብር በውስጧ ስላለ ማንም ገንዘብ ቢቀይር እሷ አትቀየርም። ልጅ ያስተማረም ትምህርቱ ተረፈው። ሆኖም ከብትም መተማመኛ አይሆንም። በ1880 ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨርሶ ክፉ ቀን አምጥቷል።

ወደ ዛሬ ልምጣ። አዋሽ ባንክ በ1987 በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ሥራ ሲጀምር ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነበር። ከዚያ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ፣ ኦሮሚያ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመርቆ ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ተመዘገበ፤ ገዳ ባንክም ተከትሎታል። ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሂሳብ በቴሌብር ለሕዝብ አቀረበ። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው።

ባንኮቻችን ለዓመታት 20ና 30 በመቶ የትርፍ ድርሻ ሲከፍሉ አይተናል። ይህን መስመር ወደፊት ከመቀጠላችሁ በፊት ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ከፊሉ የሰዎቹ ጥረት ነው። ከፊሉ የውጭ ባንክ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶ ስለነበር ነው፤ በሩም ታህሳስ 2017 በጸደቀው አዋጅ ተከፍቷል። ከፊሉ ደግሞ ቁናው ነው፤ ንረቱ 30 በሆነበት ዓመት 30 በመቶ ያገኘ ሰው ባለበት ቆመ እንጂ አልተራመደም። ገበያው ሲከፈት ሰሌዳው ላይ የነበረው ባንክ ባንክ ነበር። አምስት ባንክ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው አምስት ዓይነት ሀብት አለኝ ካለ ተሳስቷል። አንድ በረት ውስጥ የታሰሩ አምስት ላሞች ናቸው ያሉት።

እኔም አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ። ከ10 ዓመት በላይ ይሆናል፤ በምሥረታ ላይ ያለ አንድ ማኅበር አክሲዮን ገዛሁ። ወረቀቱ ያምራል፣ ማኅተሙ ወርቃማ ነው። ስብሰባው ላይ ምሳ በሉ ተባልን፣ በላን። ያ ምሳ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የትርፍ ድርሻዬ ሆነ፤ ማኅበሩ ሳይመሠረት ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ዛሬ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘትና ሂሳቡን ዘርዝሮ ማሳየት አለበት። ሻጩ ቤታችሁ ሲመጣ ቡና አፍሉለት፤ ቡናው እስኪፈላ ግን ያን ፈቃድ ያሳያችሁ።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልጨምር። ቱሉ ካፒን ታውቃላችሁ፤ እዚሁ ምዕራብ ወለጋ፣ ጌንጂ። ከሥሩ ያለውን ወርቅ ለማውጣት ፈቃድ የያዘው ኬፊ የተባለው ኩባንያ አክሲዮን ለንደን ላይ ይሸጣል። ኩባንያው ወደዚህ ፕሮጀክት በገባበት በ2006 ወርቅ 1,200 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2018 ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። አክሲዮኑን ያኔ የገዛ ሰውስ? ማዕድኑ ሳይከፈት ዓመታት አለፉ። ኩባንያውም ሥራውን ለማቆየት ደጋግሞ አዲስ አክሲዮን አወጣ። ዳቦው ያው ሆኖ ቆራሹ ሲበዛ ምን እንደሚደርስ እናንተው ታውቃላችሁ። ወርቅ መያዝና የወርቅ ኩባንያ አክሲዮን መያዝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የሚሄደው በብረቱ ዋጋ ነው። ሌላው በብረቱ ዋጋ፣ በመንገዱ ሰላም፣ በአበዳሪው ትዕግሥትና በሥራ አስኪያጁ ብርታት ነው።

ስለ መንገድ ሰላም ለወለጋ ሰው አልነግርም። በ2012 በዚህ አካባቢ ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በስልክ ውስጥ ያለ ሀብት ስልኩ ሲዘጋ የት ነው? አለ፣ አልጠፋም፤ ግን ለታመመ ልጅ አይደርስም። ስለዚህ አንድ ሀብት ስንት ይሆናል ከማለት ጋር፣ በክፉ ቀን ቶሎ እጄ ይገባል ወይ ማለትም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አያቶቻችን እኔ በመጽሐፍ ካነበብኩት የቀደመ ብልሃት ነበራቸው። ብዙ ከብት ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ በረት አያስርም። ጥቂቱን ቆላ ላለው አማቹ፣ ጥቂቱን ደጋ ላለው ወዳጁ ለርቢ ይሰጣል። በሽታ ቆላውን ቢመታ ደጋው ይተርፋል፤ ሣር ደጋ ላይ ቢደርቅ ቆላው ያበላል። ያረባለት ሰው ወተቱን ይጠጣል፤ ባለቤቱም ሲቸገር የሚደርስለት ዘመድ አበጀ። ዛሬ ትልልቅ የገንዘብ ተቋማት ሊቃውንት ቀጥረው የሚያሰሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የት ላኑር ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ዕድሜዬን በሂሳብ መዝገብ ላይ ጎብጬ ያገኘኋቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በምን ተሰፍሮ ነው አደገ የተባለው? ቢወድቅ ስንት ዓመት ልጠብቀው እችላለሁ? ከእጄ ሊያወጣው የሚችል ማን ነው፤ አዋጅ፣ በሽታ፣ ውርጭ ወይስ ሌባ? ሦስቱንም በደህና የሚመልስ ሀብት እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱን ጥያቄ አንዱ ሀብት፣ ሌላውን ሌላው ስለሚመልስ ነው ለርቢ መስጠት የሚያስፈልገው። ለሚቀጥለው ወር የሚያስፈልጋችሁ ገንዘብ ባንክ ይሁን፤ በአንድ ወር ውስጥ ቁናው ብዙ አይጠብም። ለ15 ዓመት የማትነኩትን ግን ደብተር ላይ አትተዉት፤ አባቴን ያየ አይተወውም።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥና ልቀመጥ። ተማሪዎች፣ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ። በወሩ የመጀመሪያ የገበያ ቀን አራት ዋጋ ጻፉ፤ የአንድ ፈረሱላ ጀንፈል፣ የአንድ ኪሎ ቅቤ፣ የአንድ ጥሩ በሬ፣ የአንድ ግራም ወርቅ። ዋጋውን በብር ጻፉና ብሩን እርሱት። ከጎኑ ይህን አስሉ፤ በዚህ ወር አንድ በሬ በስንት ፈረሱላ ጀንፈል ይገዛል? አንድ ግራም ወርቅ በስንት ኪሎ ቅቤ? አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ስለ ቢላ ይህ መዝገብ የላቸውም፤ ኒው ዮርክም የለውም። የመጀመሪያው ዓመት አሰልቺ ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ነገር ማየት ትጀምራላችሁ። በአሥረኛው ዓመት አባታችሁ ቡናውን ዘንድሮ ሽጦ ጊደር ይግዛ ወይስ ያቆየው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እናንተ ጋ ነው።

ያኔ ሰው ልካችሁ ጥሩኝ። የአባቴን ደብተር ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዘረጋቸዋለን። ይህን ቁና ለትምህርት ቤቱ ትቼ እሄዳለሁ። እህል መስፈሪያ ባይሆን እንኳ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ደመናው እየወረደ ነው፤ ጀንፈላችሁን አንሡ።